መሰብሰብና ማከማቸት



ሰው በጠባዩ ሰብሳቢ ነው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው የጥንት ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ሦስተኛው ደግሞ የጋዜጣ ቁራጭ እየቈረጠ በደብተር ይለጥፋል። እኔ የምሰበስበው ነገር ግን ብዙዎቻችሁን ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ይኸውም «ስፔስ ኢንቬደርስ»፣ በእኛ ቋንቋ «የጠፈር ወራሪዎች»፣ የተባለው ጨዋታ በቤት ቴሌቪዥን እንዲታይ የተዘጋጀበት የአታሪ ካሴት ነው።

ብዕሬን ያነሣሁት ይህን ካሴት ለማወደስ ብቻ አይደለም። መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ ማከማቸት ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ዘግይቼ፣ ያውም በኀፍረት ስለ ተማርሁት፣ ሌላው በእኔ ስሕተት እንዲጠቀም ብዬ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሜ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት ላስረዳ። በ1978 ዓ.ም. በጃፓን አገር «ታይቶ» በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ፣ በመዝናኛ ቤት የሚቀመጥና ሳንቲም ሲጨምሩበት የሚያጫውት አንድ መሣሪያ ሠራ። በመስተዋቱ ላይ 55 ወራሪዎች በ5 ረድፍ ተሰልፈው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይራመዳሉ፤ ጠርዝ በነኩ ቊጥርም አንድ እርምጃ ወደ ታች ይወርዳሉ። ተጫዋቹ ከታች በአንዲት መድፍ፣ በ4 ምሽጎች እየተከለለ ይተኵስባቸዋል። አንዱ ሰልፍ ሲያልቅ ሌላ ይተካል፤ ስለዚህ ጨዋታው በድል የሚፈጸምበት ጊዜ የለም።

የጨዋታው ትልቁ ጣዕም፣ ወራሪዎቹ ባነሱ ቊጥር የቀሩት እየፈጠኑ መምጣታቸው ነው። ይህ የሆነው መሣሪያው በአንድ ቅጽበት የሚያንቀሳቅሰው አንድ ወራሪ ብቻ ስለ ነበረ ነው። 55 ሲሆኑ ለእያንዳንዱ ተራው ቶሎ አይደርሰውም፤ ጥቂት ሲሆኑ ግን ተራው ይፋጠናል። ኒሺካዶ ይህን ከመሣሪያው ዐቅም ማነስ የመጣ ነገር አይቶ አላረመውም፤ ጨዋታውን የሚያጣፍጥ መሆኑን ተረድቶ እንዳለ ተወው።

ከዚያ በኋላ በ1980 ዓ.ም. አሜሪካዊው የአታሪ ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ ይህንኑ ጨዋታ በቤት ውስጥ መጫወት እንዲቻል በካሴት አወጣው። ካሴቱ የሚሰካበት የጨዋታ መሣሪያ በ1977 ዓ.ም. የተሸጠውና ኋላ «አታሪ 2600» የተባለው ነው። ሕዝቡም ለዚህ አንድ ካሴት ሲል መሣሪያውን እስከ መግዛት ደረሰ፤ ካሴቱም በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። እንግዲህ እኔ የምሰበስበው ብርቅ ነገር አይደለም። በአሜሪካን አገር ያገለገለው ካሴት ዛሬም በርካሽ ዋጋ ይገኛል።

ይህ ነገር ከእኔ እጅ የገባው በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ በአሜሪካን አገር ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ለጥየቃ ሲመጡ፣ በወጣትነታቸው የተጫወቱበትን አታሪ ከነካሴቱ አመጡልኝ። በመጀመሪያው ቀን ከደስታዬ ብዛት የአሜሪካኑን የኤሌክትሪክ መቀየሪያ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰካሁት። የእነርሱ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ ደግሞ 220 መሆኑን ያስታወስሁት ጢሱ ከወጣ በኋላ ነው። 9 ቮልት የሚሰጥ ሌላ መቀየሪያ ተፈለገ። ከዚያም የአሜሪካን የቴሌቪዥን ስልት ከእኛ አገር ስልት የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱንም የሚቀበል፣ ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን እስኪገኝ ድረስ ሁለት ወር ጠበቅን። ወራሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፉ የቤታችን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያጨበጨበው ትዝ ይለኛል።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ መልካም ነበር። ዳሩ ግን አልቆምሁም። ያው አንድ ካሴት በልዩ ልዩ መልክ መሸጡን ሰማሁ። በአንዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በሌላው ላይ ሥዕል አለበት፤ ሲርስ የተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት ደግሞ «ቴሌ ጌምስ» በሚል ስም የራሱን አሠርቶ ሸጧል። በውስጣቸው ያለው ጨዋታ አንድ ነው፤ የሚለየው ልብሱ ነው። እኔም ልብሱን ማሳደድ ጀመርሁ። አጎቴን በደብዳቤ እየለመንሁ፣ ለመጻሕፍት መግዣ የተሰጠኝንም ገንዘብ ወላጆቼ ሳያውቁ እየላክሁ፣ ባለ ሥዕሉንና የሲርሱን አገኘሁ። በመጨረሻም አጎቴ ገና ያልተከፈተ፣ ከነላስቲኩ ያለ አንድ ሣጥን በስጦታ ላኩልኝ። አራቱን በቁም ሣጥኔ ላይ ደርድሬ በየቀኑ አቧራቸውን እጠርግ ነበር።

አባቴ ነገሩን በደረሱበት ጊዜ አልተቈጡም። የተናገሩት ቃል ግን ከቊጣ የከበደ ነበር። «ልጄ፣ አንድን መጽሐፍ አራት ጊዜ የገዛ ሰው፣ አራት መጽሐፍ አነበበ ይባላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ነገር ግን በልቤ «እርሳቸው የሰብሳቢን ነገር አያውቁም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሁለተኛው ተግሣጽ የመጣው ከታናሽ እኅቴ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጫወት» አለችኝ። እኔም፣ «እጅሽ ላብ አለው፤ ወረቀቱ ይበላሻል፤ አይሆንም» አልኋት። እርስዋም ካሴቶቹን ለጥቂት ጊዜ አየቻቸውና፣ «እንግዲያውስ ለምን አመጣኸው?» ብላኝ ሄደች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካሴቱ የተሠራው ለልጅ እጅ ነው። ልጅ እንዳይነካው የሚከለከል መጫወቻ ምን ይባላል? በማግሥቱ ጠርቼ አጫወትኋት። እርስዋም እንደኔ በችኰላ አልተኰሰችም፤ ቊጭ ብላ ቈጠረች። «ሥዕሉን የነገርከኝ 55 ናቸው ብለህ ነበር፤ እዚህ ግን በአንዱ ረድፍ 6፣ ረድፉም 6፤ በጠቅላላው 36 ናቸው። ምሽጉም 3 ነው። የቀሩት የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እውነቱን ልናገር። አራት ካሴት ያለኝ ሰው ይህን ጥያቄ መመለስ አልቻልሁም። የወረቀቶቹን ቀለም በቃሌ አውቅ ነበር፤ ወራሪዎቹ ለምን ስድስት ስድስት ሆነው እንደ ተሰለፉ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር።

መልሱን ለማግኘት አንድ ወር ሙሉ አነበብሁ። ያገኘሁትም ከአራቱ ሣጥኖች ሁሉ የበለጠ ሀብት ሆነልኝ። የቤቱ መሣሪያ ለሥራ የሚጠቀምበት ማስታወሻው 128 ባይት ብቻ ነው። አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል ይይዛል ብንል፣ ይህ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ሁለት መስመር ያህል ነው። በካሴቱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም በጠቅላላው 4,096 ባይት ነው፤ እርሱም ከጥቂት ገጽ አይበልጥም። መሣሪያው ሥዕሉን በሙሉ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ ፕሮግራሙ በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ መስመር በመስመር የሚጓዘውን ጨረር እግር በእግር እየተከተለ እያንዳንዱን መስመር በሰዓቱ ማዘጋጀት አለበት። ትንሽ ቢዘገይ ሥዕሉ ይበላሻል።

ከዚህም በቀር መሣሪያው ከጥይትና ከኳስ ነጥብ ሌላ ሊያንቀሳቅስ የተሰናዳው ሁለት ሥዕል ብቻ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ሥዕል ጎን ለጎን ሦስት አድርጎ ማሳየት ይችላል። ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት ነው። እኅቴ የቈጠረቻቸው ስድስቱ ወራሪዎች ምሥጢራቸው ይህ ነበር። ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ሪክ ማውረር የተባለ ባለሙያ ለ55 ወራሪዎች የተሠራውን ጨዋታ ሁለት ሥዕል ብቻ በሚያውቅ መሣሪያ ላይ አሰለፈው። ያም አልበቃው ብሎ፣ ምሽጎቹ የሚንቀሳቀሱበትን፣ ወራሪዎቹ የማይታዩበትን፣ ሁለት ሰዎች አብረው የሚጫወቱበትን እየጨመረ በአንድ ካሴት 112 ዓይነት ጨዋታ አዘጋጀ። ሰዎች ይህን ካሴት «የዋናው ደካማ ግልባጭ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ግልባጭ አልለውም፤ በጥቂት ዕቃ ትልቅ ድግስ የደገሰ ሰው ሥራ ነው እለዋለሁ።

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው። ሰብሳቢ ማለት ዕቃውን ያገኘ ሰው ሳይሆን የዕቃውን ምሥጢር ያገኘ ሰው ነው። ዕቃውን ይዞ ምሥጢሩን ያላወቀ ሰው አከማቸ እንጂ አልሰበሰበም። ምሥጢሩም የሚገኘው ዕቃው ተከፍቶ ሲሠራበት ነው።

በዚህ አሳብ የማይስማሙ መኖራቸውን አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ፣ «ያልተከፈተ ሣጥን ዋጋው ከፍ ያለ ነው» የሚሉ ናቸው። እውነት ነው። በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር በጨረታ «ሱፐር ማሪዮ 64» የተባለው ጨዋታ አንድ ያልተከፈተ ሣጥን በ1,560,000 ዶላር ተሸጧል። ሣጥንን መርምረው ማዕርግ እየሰጡ በፕላስቲክ መያዣ የሚያሽጉ ድርጅቶችም አሉ። ነገር ግን በፕላስቲክ ውስጥ ለዘለዓለም የታሸገ ጨዋታ፣ አገራችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትለው ዓይነት ነው። ገዢው የገዛው ጨዋታውን አይደለም፤ ነገ ሌላ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ነው። ይህ ንግድ ነው፤ ንግድም ነውር የለበትም። ስሙን መሰብሰብ ማለት ግን ትክክል አይመስለኝም። ሣጥኑና መመሪያው መጀመሪያ ሲሸጥ ምን ይመስል እንደ ነበረ ለትውልድ ለማሳየት ጥቂቶቹ ሳይከፈቱ በሙዚየም ቢጠበቁ ግን እኔም እደግፋለሁ።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ፣ «ዛሬ በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ አታሪን አስመስሎ የሚያጫውት ፕሮግራም አለ፤ አሮጌው ካሴት ምን ይሠራል?» የሚሉ የክፍል ጓደኞቼ ናቸው። ለእነርሱ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ያ ፕሮግራም የሚያጫውተው ቅጂ ከየት መጣ? አንድ ሰው ካሴቱን ጠብቆ፣ ሣጥኑን ከፍቶ፣ በውስጡ ያለውን ገልብጦ ነው። ከታሸገ ሣጥን ቅጂ የወሰደ ማንም የለም። ደግሞም አሮጌ ጨዋታ ሁሉ ዛሬ በገበያ ይገኛል ማለት አይደለም። በአሜሪካን አገር ያለው የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 ዓ.ም. በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ የማይገኙ መሆናቸውን ገልጧል። ስለዚህ ከፍተው የሚጠብቁ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ሦስተኛዎቹ ወላጆቻችን ናቸው። «ይህ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ያውም የሰው አገር፤ ምን ቁም ነገር አለው?» ይላሉ። በአክብሮት እመልሳለሁ። ዛሬ ተራ የሚመስለው ዕቃ ነገ ታሪክ ይሆናል። አታሪ በ1983 ዓ.ም. ያልተሸጡ ካሴቶቹን በኒው ሜክሲኮ በአላሞጎርዶ ከተማ የቈሻሻ መጣያ ቀብሯቸው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን ሰዎች ቈፍረው አወጧቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሙዚየም ገቡ።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የሠራተኛው ስም ነው። በአገራችን ብራና የሚጽፍ ጸሐፊ ድካሙን ሲፈጽም ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጽፎ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል። አታሪ ግን በዚያ ዘመን የፕሮግራም ሠራተኞቹን ስም በሣጥኑ ላይ አያወጣም ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1979 ዓ.ም. አራት ሠራተኞች ወጥተው «አክቲቪዥን» የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት መካከል ሆኑ፤ ዋረን ሮቢኔት የተባለው ደግሞ «አድቬንቸር» በተባለው ጨዋታ ውስጥ አንድ ስውር ክፍል ሠርቶ ስሙን ደበቀበት። የሪክ ማውረርንም ስም ከአራቱ ሣጥኖቼ በአንዱ ላይ እንኳ አላገኘሁትም። ስሙን ያገኘሁት በመጠየቅና በማንበብ ነው። ሰብሳቢ ይህን ካላደረገ፣ ካሴቱ ተጠብቆ ሠሪው ይረሳል ማለት ነው። ስለ ሰው አገር ሠራተኛ ይህን ያህል ከጠየቅን፣ በየቤታችን ያለውን የአያቶቻችንን ዕቃ ማን እንደ ሠራው፣ እንዴትስ እንደ ሠራው ለመጠየቅ እጃችን ይፍታታል።

ስለ ራሴ ያደረግሁትን ልናገርና ልፈጽም። ከአራቱ ሦስቱን በአጎቴ በኩል መልሼ አሜሪካ ልኬ እንዲሸጡልኝ አደረግሁ። የመጻሕፍቱንም ገንዘብ ለአባቴ መለስሁ። ከዕዳዬ አብዛኛውን የከፈለልኝ ያ ያልተከፈተው ሣጥን መሆኑን አልደብቅም፤ ተቃዋሚዎቼ በዚህ ቢስቁብኝ መብታቸው ነው። ለራሴ ያስቀረሁት አጎቴ በወጣትነታቸው የተጫወቱበትን፣ ወረቀቱ የተላጠውን፣ በጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ ስማቸው የተጻፈበትን ነው። ገበያ ቢወጣ የሚከፈልበት ዋጋ ከሁሉ ያነሰ ነው። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የማውቀው እርሱን ነው።

እንግዲህ ለሚሰበስብ ጓደኛ ሁሉ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሰበሰብኸውን ሥራበት። ሁለተኛ፣ ማን እንደ ሠራው፣ እንዴት እንደ ሠራው፣ ከማንስ እጅ እንደ ደረሰህ በደብተር ጻፍ። ሦስተኛ፣ ለሚጠይቅህ አሳይ፤ የማታውቀውን የሚጠይቅህ ብዙ ጊዜ ከአንተ የሚያንሰው ነውና።

እኔም ቃሌን በሥራ ለማስረዳት፣ አስተዳደሩ ፈቃዱ ከሆነ፣ መሣሪያዬንና አሮጌውን ቴሌቪዥን በወር አንድ ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አመጣለሁ። መጫወት የሚፈልግ ይምጣ። እጁ ላብ ቢኖረውም አልከለክለውም። ነገር ግን ከመተኰሱ በፊት አንድ ጊዜ ቊጭ ብሎ ይቊጠር።